ወይም ወኪሉ

ጥሩሰው ሆሳዕና ውስጥ የምክር ቤት ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበር። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ሌሎች ሰዎች የተናገሩትን ሲጽፍ ኖሯል፤ መጀመሪያ በዞን ጽሕፈት ቤት በታይፕ፣ በኋላ በኮምፒዩተር። ማን ምን አለ፣ ማን ደገፈ፣ ማን ተቃወመ፣ ስንት ሰው ድምፀ ተአቅቦ አደረገ፣ ሁሉም በእሱ እጅ አልፏል። እሱ ራሱ ግን በአዳራሹ ውስጥ አንድም ቀን ተነሥቶ ተናግሮ አያውቅም። ሥራው አልነበረም።

አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንለት ሰው ነበር። ጉባኤ ሲኖር ግድ ሆኖበት ይቀመጣል እንጂ እግሩ ከጠረጴዛው ሥር አያርፍም። እረፍት ሲባል ከሁሉም ቀድሞ ይወጣና ግቢውን ሁለቴ ሦስቴ ይዞራል። የሥራ ባልደረቦቹ «ጋሽ ጥሩሰው ዛሬ ስንት ኪሎ ሜትር ሄዱ?» እያሉ ይቀልዱበታል። ከልጅነቱ የመጣ ልማድ ነው። የተወለደው ሌሞ ውስጥ፣ አባቱ ገብስና እንሰት ከሚያለሙበት ቀበሌ ሲሆን፣ ሆሳዕና ድረስ በእግሩ እየተመላለሰ ነው የተማረው።

ሚስቱ ሐዳሳ የዱራሜ ልጅ ናት። ሆሳዕና ለማስተማር ተመድባ መጥታ፣ በአንድ የመምህራን ስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ ሲጽፍ አገኘችው። እሱ ሀዲያ፣ እሷ ከምባታ፤ ሲጋቡ የጋራ ቋንቋቸው አማርኛ ሆነ። እሷ ከጎረቤት እየሰማች ሀዲይኛውን ለመደችው። እሱ ግን ከምባትኛዋን ከግማሽ በላይ አልዘለቀበትም። ልጅ አልወለዱም። ሐዳሳ ሃያ ዓመት አራተኛ ክፍል ስላስተማረች፣ ከተማው ውስጥ ብዙ ጢም ያበቀሉ ሰዎች «ቲቸር» እያሉ መንገድ ላይ ያቆሟት ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት ጡቷ ላይ እብጠት ተገኘ። አዲስ አበባ ሄዳ ቀዶ ጥገና ተደረገላት፣ መድኃኒቱንም ጨረሰች፤ ጸጉሯም ተመልሶ በቀለ። ሁለቱም ያለፈ መስሏቸው ነበር። ዓምና ግን ወገቧንና ዳሌዋን ያማት ጀመር፤ ሲመረመር በሽታው አጥንቷ ውስጥ ገብቷል። ሐኪሙ ጥሩሰውን ለብቻው ጠርቶ፣ ከእንግዲህ የሚቻለው ሕመሙን ማስታገስ ብቻ መሆኑን ነገረው። የሚበረታውን መድኃኒት ጽፎላቸው ነበር፤ በዚያ ሰሞን አልተገኘም። የተገኘው ትራማዶል ነው። በየስምንት ሰዓቱ ስትውጠው ትተኛለች፣ ቡላም ትጠጣለች፣ ጋዜጣ አምጣልኝ ትላለች። ሰዓቱ ካለፈ ግን ፊቷ ይለወጥና ግድግዳውን ታያለች።

በመስከረም ወር ሐኪሙ እሷን በአካል ሊያያት ፈለገ። ቤታቸው ወደ ሌሞ በሚወጣው በኩል፣ ከተማው ዳር ነው፤ ከበራቸው እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ ድንጋይ ብቻ ነው። ጥሩሰው ጥሩ የሚባል ባለባጃጅ መርጦ ጠራ፣ ወንበሩ ላይ ፍራሽ አነጠፈ። እህቷ ትርሲት ልታስታምማት ከዱራሜ መጥታ ስለነበር አንድ ጎኗን ደገፈች። ባለባጃጁ እንቁላል የጫነ ያህል ቀስ አለ። ሐዳሳ የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች። ሦስተኛው ጉድጓድ ላይ ግን ጮኸች፤ በከምባትኛ ጮኸች። ጥሩሰው ቃሉን አላወቀውም፤ ትርሲት ታውቀዋለች፣ እሷ ግን አልተረጎመችለትም።

«እንመለስ» አለ ጥሩሰው።

ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ካርዷን ይዞ ብቻውን ይሄዳል፤ ሐኪሙ ይጽፍለታል፤ መነኸሪያው አጠገብ ያለው የመድኃኒት ቤት ባለቤት ፈትሁዲን ይሰጠዋል። ፈትሁዲንም የሐዳሳ ተማሪ ነበር።

በጥቅምት ወር አንድ ረቂቅ አዋጅ ጠረጴዛው ላይ መጣ። ርእሱ «ሰው ሠራሽ ኦፒዮይድ የሕመም ማስታገሻ መድኃኒቶችን ለመቆጣጠር የቀረበ» ይላል። ጥሩሰው እንደ ሁልጊዜው መተየብ ጀመረ። ትራማዶልና መሰሎቹን ማለት ነው፤ ነገሩ አዲስ አልሆነበትም። ትራማዶል እንደ ማስቲካ በየሱቁ መሸጡ፣ ተማሪዎች መቀማመሳቸው፣ የረጅም መንገድ ሾፌሮች ድካም ለመርሳት መዋጣቸው በየስብሰባው ይነሣ ነበር። አንቀጽ አሥራ አንድ፣ ንዑስ አንቀጽ ሦስት ላይ ሲደርስ ጣቶቹ ቆሙ።

«መድኃኒቱ የሚሰጠው በሆስፒታል ፋርማሲ ብቻ፣ ታካሚው በአካል ቀርቦ ሲፈርም ይሆናል። በአንድ ጊዜ የሚሰጠው መጠን ከአምስት ቀን ፍጆታ አይበልጥም።»

ደግሞ አነበበው። በአካል ቀርቦ። በየአምስት ቀኑ። ተነሥቶ ወደ ኮሪደሩ ወጣ፤ ደረጃውን ወረደ፤ ግቢውን ዞረ፤ ተመልሶ ተቀመጠ፤ አሁንም እዚያው አለ። የቀረውን ተይቦ አስረከበ። ቃለ ጉባኤ ያዥ አስተያየት አይሰጥም፤ ይህን ሕግ ለአዳዲስ ሠራተኞች ሲያስተምር የኖረው እሱ ራሱ ነው።

የጤና ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ረቂቁን ይዞ ሕዝብ አወያየ፤ በአዲሎ፣ በዱራሜና በሆሳዕና። የኮሚቴው ሰብሳቢ ወይዘሮ አሰገደች ነበሩ። አባታቸው ከሰሜን በዳኝነት ተመድበው የመጡ፣ እሳቸው ግን ሆሳዕና ተወልደው ያደጉ፣ ንግግር የማያበዙ የሕግ ባለሙያ ናቸው። ጥሩሰው ላፕቶፑን ተሸክሞ ተከተላቸው። በየመድረኩ አንድ ነገር ጠበቀ፤ አንድ ሰው ተነሥቶ «ቤት ውስጥ የተኛ በሽተኛስ?» እንዲል። አዲሎ ላይ ሾፌሮች ተናገሩ፣ ዱራሜ ላይ የሃይማኖት አባቶችና መምህራን ተናገሩ። ያን ጥያቄ ግን ማንም አላነሣም። በሽተኞች ስብሰባ አይመጡም፤ አስታማሚዎችም አይመጡም፤ ጊዜ የላቸውም።

የሆሳዕናው መድረክ ላይ አቶ ወንዳፈረው ተነሡ። የምክር ቤት አባል ናቸው፤ ከዚያ በፊት ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ነበሩ። ረቂቁ እንዲቀርብ ከሁሉ በላይ የጎተጎቱት እሳቸው መሆናቸውን ሁሉም ያውቃል፤ ምክንያቱን ግን በአደባባይ ተናግረው አያውቁም።

«ልጄ ሱራፌል ይባል ነበር» አሉ። «ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ፍራሹ ሥር ባዶ የእንክብል ስትሪፕ አገኘሁና ጠየቅሁት። ጥርሴን አሞኝ ነው አለኝ፤ አመንኩት። እኔ የስንቱን ልጅ ውሸት ከዐይኑ ሳነብ የኖርኩ ሰው፣ የራሴን አመንኩት። ጠዋት ለቁርስ ስጠራው አልተነሣም።»

ወደ ኮሚቴው ዞረው ጨመሩ። «በዚህ አዋጅ ላይ አንዲት ቀዳዳ ብትተዉ፣ ልጆቹ ከእናንተ ቀድመው ያገኟታል።»

ጥሩሰው ቃል በቃል ጻፈው። ሲጽፍ ሁለት ጊዜ አረመ።

በዚያው ሳምንት መድኃኒት ሊገዛ ፈትሁዲን ዘንድ ሄደ። ፈትሁዲን ማዘዣውን ተቀብሎ አየና መልሶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው።

«ጋሽ ጥሩሰው፣ እንዳይከፋዎት። አዋጁ ሳይወጣ ፍተሻው ጀምሯል። ባለፈው ሰኞ መጥተው እያንዳንዱን ማዘዣ ከስም ጋር አመሳክረዋል።»

«ማዘዣ ይዣለሁ እኮ!»

«ማዘዣው ላይ ያለው የቲቸር ስም ነው። እሳቸውን ደግሞ ከዚህ በፊት አምጥተዋቸው አያውቁም።»

«ልጄ፣ ታውቃታለህ አይደል?»

«እኔ አውቃቸዋለሁ። መዝገቡ አያውቃቸውም።» ከመደርደሪያው ሁለት ስትሪፕ አውጥቶ በወረቀት ጠቀለለ። «ይህን ይውሰዱ። አዋጁ ከጸደቀ ግን መድኃኒቱን ከናካቴው ከቤቴ አወጣዋለሁ። ቤተሰብ አለኝ።»

ጥሩሰው መንገዱን በእግሩ ሄደ። ሁለት ስትሪፕ፣ ሃያ ፍሬ፣ ስድስት ቀን ከዐሥራ ስድስት ሰዓት እንደሚያቆይ እየቆጠረ ነበር። ቤቱ ከመድረሱ በፊት ደግሞ ቆጠረው፤ ያው ነው።

ጉባኤው ሐሙስ እንዲካሄድ ተወሰነ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ አሰገደች በቀይ እስክሪብቶ ያረሙትን የመጨረሻ ረቂቅ አመጡለት። ዐሥራ አንድ እርማት ነበር፤ ፊደል፣ ሥርዓተ ነጥብ፣ ሁለት ቦታ የቃል ለውጥ። «ሲያልቅ ያባዙትና በየወንበሩ ይቀመጥ» ብለውት ሄዱ። ዐሥራ አንዱን እርማት አስገባ። ከዚያ ወደ አንቀጽ አሥራ አንድ ተመለሰ። መስኮቱን ዘጋ፣ መልሶ ከፈተው። «ታካሚው» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ጠቋሚውን አቁሞ ሁለት ቃል ጻፈ፤ ወይም ወኪሉ።

«ታካሚው ወይም ወኪሉ በአካል ቀርቦ ሲፈርም።»

ሲያነቡት እንግዳ አይመስልም። ከመጀመሪያው እዚያ የነበረ ይመስላል። ማተሚያው ወረቀቱን ሲተፋ አጠገቡ ቆሞ እያንዳንዱን ቅጂ ተቀበለ፤ በየወንበሩም ራሱ አስቀመጠ። የአቶ ወንዳፈረው ወንበር ጋ ሲደርስ ወረቀቱን ካስቀመጠ በኋላ መልሶ አነሣው፣ ያዘው፣ በመጨረሻ አስቀመጠውና ወጣ። እፎይ እላለሁ ብሎ አስቦ ነበር። እፎይታው አልመጣም።

ቤት ሲደርስ ገና አልጨለመም። ሐዳሳ ከሰዓት በኋላ የሚዋጠውን ወስዳ ስለነበር ደህና ነበረች፤ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ትርሲት ወደ ጓሮ ወጥታለች። ጥሩሰው ካፖርቱን አወለቀ፣ ሰቀለ፣ እንደገና አወረደና ወንበር ላይ አደረገው። ወደ መስኮቱ ሄደ፣ ወደ በሩ ሄደ።

«ምን ሆነህ ነው?» አለችው። «ወለሉን ጨረስከው።»

«ምንም።»

«ጥሩሰው፣ አሥራ አምስት ዓመት አብሬህ ኖሬአለሁ። ተቀመጥ።»

ተቀመጠና ነገራት። አንቀጹን ነገራት፣ አቶ ወንዳፈረው ስለ ልጃቸው ያሉትን ነገራት፣ ፈትሁዲን ያለውን ነገራት፣ ሁለቱን ቃል ነገራት። ከፊቷ ምስጋና ባይጠብቅም ትንሽ ማረፍ ይጠብቅ ነበር።

«ሰነድ ነካህ?» አለች።

«ሁለት ቃል ነው።»

«ሁለት ቃል ነው! አንተ፣ ነጠላ ሰረዝ ጠፋብኝ ብለህ እሑድ ቢሮ የሄድክ ሰው?»

«ምን ላድርግ ታዲያ? በየአምስት ቀኑ በባጃጅ ልጫንሽ? መስከረም ላይ የሆነውን ረሳሽው?»

«አልረሳሁም። የጮህኩት እኔ ነኝ።» ፊቷን ወደ እሱ መልሳ «ያ ሱራፌል የተባለው ልጅ፣ የአቶ ወንዳፈረው ልጅ፣ አራተኛ ክፍል እኔ ነኝ ያስተማርኩት» አለች። «ሁልጊዜ ከፊት ነበር የሚቀመጠው፤ ዐይኑ ሩቅ አያይም ነበር፤ መነጽር እንዲያሠሩለት አባቱን ያስጠራሁት እኔ ነኝ። አሁን አንተ የዚያን ልጅ አባት በስተኋላው አታለህ ለእኔ መድኃኒት ታመጣለህ? እኔ ያንን እየዋጥኩ ልተኛ?»

ጥሩሰው ካፖርቱን ከወንበሩ አንሥቶ ጭኑ ላይ አጣጠፈ።

«ቃሉ ትክክል ነው» አለች ሐዳሳ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ትክክል ከሆነ ደግሞ በፊት ለፊት ይነገራል። ነገ ሄደህ ንገራቸው።»

«ቢጥሉትስ?»

«ከጣሉት ይጥሉታ። እንጃ። ያን ጊዜ እናስባለን።»

በማግስቱ ከማንም ቀድሞ ቢሮ ደረሰ። ወይዘሮ አሰገደች ከመኪናቸው ሲወርዱ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃቸው፤ ሰላምታውንም ሳይጨርስ ነገራቸው። እሳቸው ቦርሳቸውን እንደያዙ ቆመው ሰሙት።

«ሌላ የሚያውቅ አለ?»

«ባለቤቴ ብቻ።»

«አቶ ጥሩሰው፣ ሃያ ሦስት ዓመት!» አሉ። ተቆጥተው ነበር፤ ጆሮአቸው ቀልቷል። «እርስዎ ያዘጋጁትን ሰነድ እኔ ሁለተኛ አላነብም ነበር፤ ምክር ቤቱም አያነብም። ያመንነው ለዚህ ነው? ዛሬ አንድ ሰው ነገ ደግሞ ሌላ ሰው የፈለገውን ቃል ቢያስገባ ምን ይሆናል?»

«አውቃለሁ፣ እመቤቴ።»

ጥቂት ርምጃ ሄደው ተመለሱ። «ባለቤትዎ መነሣት አይችሉም?»

«አትችልም።»

«ለምን አልነገሩኝም? በጥቅምት ቢነግሩኝ ኖሮ እኔው አስገባው ነበር።» ይህን ሲሉ ከቁጣው የባሰ ነገር በድምፃቸው ውስጥ ነበር። «አሁን ቃሉን አስወጣዋለሁ። ከዚያ ማሻሻያ አድርጌ በግልጽ አቀርበዋለሁ። እንደሚያልፍ ግን ተስፋ አልሰጥዎትም። ማን እንዳስገባው ሲጠየቅም አልደብቅም።»

ጉባኤው በሦስት ሰዓት ተከፈተ። ወይዘሮ አሰገደች አዋጁን ሲያቀርቡ፣ በተሰራጨው ቅጂ አንቀጽ አሥራ አንድ ላይ ኮሚቴው ያልወሰናቸው ሁለት ቃላት ገብተዋልና ይሰረዙ አሉ። አዳራሹ ተንጫጫ። አፈ ጉባኤው መዶሻቸውን መቱ።

«እንዴት ነው የገቡት? ማነው ያስገባቸው?»

ወይዘሮ አሰገደች መልስ ሊሰጡ ሲሉ ጥሩሰው ከጽሑፍ ጠረጴዛው ተነሣ። መነሣቱን ራሱም ያወቀው ከቆመ በኋላ ነው።

«እኔ ነኝ» አለ።

«አቶ ጥሩሰው፣ ለጽሕፈት ቤት ሠራተኛ በጉባኤ ላይ የመናገር መብት የለም» አሉ አፈ ጉባኤው፤ ከቁጣ ይልቅ ድንጋጤ ይዟቸው ነበር።

ከኋላ ረድፍ አቶ ወንዳፈረው «ይናገር» አሉ። «የእኔን ንግግር ቃል በቃል ጽፎታል። የሱንም እንስማው።»

ጥሩሰው ምን እንደሚል አላዘጋጀም ነበር። ሚስቴ ታማለች አለ። ካንሰሩ አጥንቷ ውስጥ ገብቷል አለ። ከቤታችን እስከ አስፋልቱ ያለውን መንገድ ጤነኛ ሰው ሲሄድበት አያስተውለውም አለ። በመስከረም በባጃጅ ሊወስዳት ሞክሮ እንዴት እንደተመለሱ ነገራቸው፤ ስለ ጩኸቷ ሲደርስ ግን ዘለለው። «ልጆች እየሞቱ እንደሆነ አውቃለሁ፤ በሦስት ከተማ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የእኔ ጥፋት ግን ጥፋት ነው፤ ቅጣቱን እቀበላለሁ። ቃሉን ግን እባካችሁ እዩት» ብሎ ተቀመጠ። የተናገረውን ቃለ ጉባኤው ላይ ራሱ መጻፍ ነበረበት፤ «የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ማብራሪያ ሰጠ» ብሎ ብቻ ጻፈ።

ክርክሩ ከምሳ ሰዓት አለፈ። አቶ ወንዳፈረው የመጀመሪያው ተቃዋሚ ሆኑ።

«ለአቶ ጥሩሰው አዝናለሁ፤ ወይዘሮ ሐዳሳንም አውቃቸዋለሁ፤ ልጄን አስተምረውታል» አሉ። «ነገር ግን ወኪል ማለት ማን ነው? ነገ አንድ ጎረምሳ አያቴ ታማለች ብሎ ወረቀት ይዞ ይመጣል። አያቱ ከሞተች ሁለት ዓመቷ ይሆናል። ማን ያጣራል? የወሰደውንስ ለማን እንደሰጠ ማን ያያል?»

ማንም ይህን ጥያቄ መናቅ አልቻለም። ወይዘሮ አሰገደች ወረቀት ላይ ጽፈው፣ ሰርዘው፣ እንደገና ጻፉ። የመጨረሻው እንዲህ ሆነ፤ ከአልጋ መነሣት እንደማይችል ሐኪም ያረጋገጠለት ታካሚ፣ በስምና በፎቶ የተመዘገበ አንድ ወኪል ይኖረዋል፤ ወኪሉ ባዶውን ስትሪፕ ካልመለሰ ቀጣዩን አይወስድም፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በየወሩ ቤት ድረስ ሄዳ ታያለች።

በማሻሻያው ላይ ድምፅ ተሰጠ። ጥሩሰው ሥራው ነውና የተነሡትን እጆች ቆጠረ። አንዴ ቆጥሮ ስላላመነ ረዳት ቆጣሪዋ እንድትደግመው ጠየቃት። ድጋፍ ሃምሳ ሰባት፣ ተቃውሞ ሃምሳ ሁለት፣ ድምፀ ተአቅቦ ዘጠኝ። አቶ ወንዳፈረው እጃቸውን ያነሡት ከተቃዋሚዎቹ ጋር ነበር፤ ቀጥ አድርገው፣ ቆጠራው እስኪያልቅ ሳያወርዱ። ከዚያ ጠቅላላ አዋጁ ቀረበ፤ በመቶ ዘጠኝ ድጋፍ፣ በሦስት ተቃውሞና በስድስት ድምፀ ተአቅቦ ጸደቀ።

ለሐዳሳ በስልክ ሲነግራት «የወንዳፈረው ድምፅስ?» ብላ ጠየቀች። «ተቃወሙ» አላት። «አዎ፣ ይቃወማሉ» አለች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ወሰነ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፤ ከቃለ ጉባኤ ሥራ ተነሥቶ ምድር ቤት ወዳለው መዝገብ ቤት ተዛወረ። ውሳኔውን ፈርሞ ተቀበለ። ይህን ጠብቆት ስለነበር ብዙ አልከበደውም።

የከበደው ሌላ ነው። አዋጁ ታትሞ ወጣ፤ ፈትሁዲን እንዳለው ትራማዶሉን ከመደርደሪያው አወጣ፤ ሆስፒታሉ ግን የወኪል መመዝገቢያ ቅጽ አልደረሰውም። ጥሩሰው የአዋጁን ቅጂ ይዞ ይሄዳል፤ የፋርማሲው ኃላፊ አንብባ «ልክ ነዎት አባቴ፣ ግን ያለ ቅጽ ከሰጠሁ የምጠየቀው እኔ ነኝ» ትለዋለች። ጤና ቢሮ ይሄዳል፤ ቅጹ ማተሚያ ቤት ነው ይሉታል። ማተሚያ ቤት ይሄዳል፤ ትእዛዝ አልመጣልንም ይሉታል። ተመልሶ ጤና ቢሮ ይሄዳል። ሰባት ሳምንት እንዲህ ሆነ። ፈትሁዲን መደርደሪያውን ሲያራግፍ የሰጣቸውን እንክብል መቆጠብ ስለ ጀመሩ በየስምንት ሰዓቱ የነበረው በየዐሥራ ሁለት ሰዓቱ ሆነ። አንድ ጊዜ ሚኒባስ ተከራይተው ወንበሩን አስነቅለው በፍራሽ ጭነው ወሰዷት። ፈርማ የአምስት ቀን ተሰጣት። ስትመለስ ሁለት ቀን ሙሉ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች።

በዚያ ሰሞን ጥሩሰው ወይዘሮ አሰገደች ቢሮ ገብቶ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ ጮኸ። «አጸደቃችሁት እኮ! ታዲያ የት አለ?» አለ። እሳቸው አልተቆጡም። እዚያው ስልክ አንሥተው ደወሉ፣ በማግስቱም ደወሉ፣ ከዚያም ራሳቸው ማተሚያ ቤት ሄዱ። ቅጹ በጥር አጋማሽ መጣ። ጥሩሰው ፎቶውን ሰጠ፣ ፈረመ፣ በየአምስት ቀኑ ባዶውን እየመለሰ ሙሉውን መውሰድ ጀመረ። ሐዳሳ ሰዓቷ ተመለሰላት። ጋዜጣ ጠየቀች። የቀድሞ ተማሪዎቿ ሊጠይቋት ሲመጡ የማን ልጅ ምን እንደሆነ እያነሣች ትጠይቃቸው ነበር።

በመጋቢት መጨረሻ፣ አንድ ማክሰኞ ቀትር ላይ ዐረፈች። ተኝታ ነበር፤ አልጮኸችም።

ለቅሶው ሦስተኛ ቀን ላይ አቶ ወንዳፈረው መጡ። ድንኳኑ ውስጥ ጥሩሰው አጠገብ ተቀመጡና ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

«ያን ቀን ተቃውሜአለሁ» አሉ። «ዛሬም ቢቀርብ እቃወማለሁ። ይህን ሳልነግርዎት ብሄድ አይሆንልኝም።»

«አውቃለሁ» አለ ጥሩሰው። «ድምፁን የቆጠርኩት እኔ ነኝ።»

«የልጄን መነጽር እንዳሠራ ያስጠሩኝ እሳቸው ናቸው።»

«ነግራኛለች።»

 አቶ ወንዳፈረው እስኪመሽ ተቀምጠው ከሰዎች ጋር ወጡ።

ለቅሶው ሲያበቃ ጥሩሰው ወደ መዝገብ ቤት ተመለሰ። ፋይል ለማውጣት ይነሣል፣ አውጥቶ ይቀመጣል፣ መልሶ ለማስገባት ይነሣል። ሥራው ከድሮው ይልቅ ለእግሩ ይመቻል። ቤት ግን አልተቻለም። ትርሲት ወደ አገሯ ልትመለስ ስትል የሐዳሳን ልብስ ለእናቷ ለማድረስ አብሯት ተነሣ፤ በአንጋጫ በኩል በሚኒባስ ዱራሜ ገቡ። እናቷ ክፍሉን አዘጋጅተው፣ አንሶላ አንጥፈው፣ «ሳምንት ሳትቆይ አትሄድም» አሉት። እሺ አለ። የመጀመሪያውን ቀን ልብሱን ሲያስረክብ፣ ሁለተኛውን ቀን ሰፈሩን ሲዞር ዋለ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ካፖርቱን ለብሶ በሩ ላይ ቆመ።

«ሥራ አለብኝ» አለ።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ ቢሮ ዝግ ነው። ሁሉም ያውቃሉ፤ እሱም ያውቃል። እናቷ ለመንገዱ የሚሆን ቆጮ በኮባ ጠቅልለው ሰጡት፤ ትርሲትም እስከ መነኸሪያው ሸኘችው።